የአሥረኛ ክፍል ስመ ጥሮች

አርባ ምንጭ ለማስተማር የሄድኩት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ ነው። የተቀጠርኩት የነጋዴና የኃላፊ ልጆች በሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በዚያ ሙቀት ክራቫት የሚያስሩ ልጆች ከታዩ የእኛ ናቸው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ርእሰ መምህርቷ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደው፣ አንድ የቆየ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ የቀድሞ ተማሪዎችን ፎቶግራፍ አዩ፤ ሐኪም፣ አብራሪ፣ አምባሳደር። እንደተመለሱ አናጢ ጠርተው ሰባት መስታወት ያለው ሰሌዳ አሠሩ። አናቱ ላይ «ስመ ጥር የቀድሞ ተማሪዎቻችን» ተብሎ በወርቅማ ቀለም ተጻፈ። ለወላጆች ቀን ሰባቱን እንድንመርጥ የታዘዝነው ሦስት ነን፦ የአማርኛ መምህሩ እኔ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ እንዲሁም ልጆቹን ሁሉ በመልክ የሚያውቁት ሽማግሌው ዘበኛ።

ችግሩ፣ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ስምንተኛን ጨርሰው የወጡት ሁለት ዙር ብቻ ናቸው፤ ትልልቆቹ መንግሥት ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ይማራሉ። ይህንን ለርእሰ መምህርቷ ብነግራቸው፣ «ታዲያ ከእነሱ ውስጥ ስመ ጥሮቹን ለዩአቸዋ» አሉኝ።

ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። የመጀመሪያዋ አላስቸገረችንም፤ በሚኒስትሪ ፈተና ከከተማው አንደኛ የወጣች ልጅ ነበረች። ሁለተኛው ገረሴ ከተማ ላለች አክስቱ ዘፈን እንዲመረጥላት የላከው ደብዳቤ በሬዲዮ የተነበበለት ልጅ ነው። ዘበኛው ደግሞ ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሰላም ያላቸውን ልጅ አቀረቡ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ለማኅበረሰቡ ባለው አክብሮት» ብዬ ጻፍኩት። አንዱን በእግር ኳስ፣ አንዱን በእጅ ጽሑፉ ማማር አሳለፍን።

የተጣላነው በአዞው ልጅ ነው። ይህ ልጅ አባያ ዳር ሲዋኝ ልብሱንና ቦርሳውን አዞ ወሰደብኝ ብሎ፣ በገበያ ቀን በውስጥ ሱሪ ከተማውን አቋርጦ የሮጠ ነው። እኔ ስመ ጥር ማለት ስሙ የታወቀ ማለት ነው፣ ከእሱ በላይ የታወቀ የለንም ብዬ ተከራከርኩ። የሒሳብ መምህሩ አዞ የሚባል ነገር እንዳልነበረ እርግጠኛ ነበር፤ ቦርሳው ውስጥ በሒሳብ የወደቀበት ካርድ ነበራ። ሁለት ከሰዓት በኋላ ተጨቃጭቀን በዘበኛው ድምፅ አለፈ።

ሰባተኛውን ሳንመርጥ፣ ከጫኖ ሙዝ የሚያስጭኑ አንዲት እናት ወሬውን ሰምተው መጡ። አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ልጃቸው ለምን እንደቀረ ጠየቁ። እስካሁን ያደረገው ነገር ስለሌለ ነው አልኳቸው።

«ሌሎቹስ ምን አደረጉ፣ ልጄ?» አሉኝ።

አንድ ሙዝ ገንጥዬ መላጥ ጀመርኩ። ሙዙ ሲያልቅ ቃለ ጉባኤው ላይ «በንግዱ ዘርፍ ተስፋ የሚጣልበት» የሚል ተጨመረ።

የወላጆች ቀን የክብር እንግዳው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። የመጀመሪያዋን ፎቶግራፍ እያዩ አሁን የት እንደምትሠራ ጠየቁ። ርእሰ መምህርቷ ትምህርቷን በመከታተል ላይ እንዳለች ነገሯቸው።

«ውጭ ነው?»

«አዎ፣ ውጭ ናት።»

አልዋሹም። ልጅቷ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር።

በሳምንቱ ይህችው ልጅ ፊቷ ጥቁር ብሎ መጣችብኝ። አዲሱ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ተማሪዎቹ «ክብርት ሚኒስትር» እያሉ፣ ወደ ክፍል ስትገባ ብድግ ይሉላት፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያጅቧት ኖሯል። «ቲቸር፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አውርደኝ» አለች። አንጀቴን በላችው። ርእሰ መምህርቷ ዘንድ ሄጄ ብለምናቸው ግን፣ ከስመ ጥርነት መልቀቅ የሚባል ነገር ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ልጅቷ በማግስቱ ማመልከቻ ይዛ መጣች። «ጉዳዩ፦ ከስመ ጥርነት መሰናበትን ይመለከታል» ይላል። ቀኑ፣ ፊርማው፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር በቦታው ነው። ማመልከቻ አጻጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝና ደስ አለኝ። ርእሰ መምህርቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመንግሥት መዝገብ ቤት ነው፤ ሥርዓቱን የጠበቀ ደብዳቤ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ በቀይ «ተፈቅዷል» ብለው ማኅተም መቱበት።

በዚያው ወር አራት ማመልከቻ ተከተለ። ሁሉም ከእሷ የተገለበጡ ናቸው፤ ኳስ ተጫዋቹማ «እኔ አመልካቿ» የሚለውን እንኳ አላስተካከለም። እሱንም ፈቀዱለት።

የአዞው ልጅና የሙዝ ነጋዴዋ ልጅ ግን አላመለከቱም። የአዞው ልጅ እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹን እያመጣ ፎቶግራፉን ያስጎበኝ ነበር። የሒሳብ መምህሩ በዚያ ኮሪደር ማለፉን ትቶ፣ በሜዳው ዞሮ ወደ ክፍሉ መግባት ጀመረ።