ዘይቱኑ ላይ የሰፋሁት ጎጆ

በሽማግሌ እንደምቀና ማን ይነግረኝ ነበር? ለዚያውም ከባቡር ሥራ ጡረታ በወጡ፣ ጉልበታቸውን በሚያማቸው፣ አንድም ቀን ክፉ ተናግረውኝ በማያውቁ ጎረቤቴ። ግን ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ።

ነገሩ የጀመረው በወፎች ነው። የድሬ ሙቀት ቆርቆሮውን እያንጣጣ የክረምቱ ዝናብ ጠብ ሲል፣ ዓመቱን ሙሉ ድንቢጥ መስለው የከረሙት ወንዶቹ ወፎች ቢጫ ይለብሳሉ። ከዚያ የሽማግሌው ግራር ላይ ይሰፍራሉ። ሳሩን በእግራቸው ረግጠው በአፋቸው እየቋጠሩ፣ ከቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጎጆ ያንጠለጥላሉ። ለምን ጫፍ ላይ? እባብ እንዳይደርስበት። ይህን የነገረችኝ የስምንት ዓመት ልጄ ናት። ለእሷ የነገሯት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ሰርቪሱ እኔን እስኪያደርሰኝ እሳቸው ግቢ ትቆያለች። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ እውነት ነው። ግን ወገቤ ተቆርጦ ስመጣ፣ ከዛፉ ሥር ባለው አሮጌ የሐዲድ እንጨት ላይ ከጎናቸው ተቀምጣ፣ አንገቷን ወደ ላይ ሰቅላ አገኛታለሁ። ዞር እንኳን ሳትል «መጣሽ?» ትለኛለች። በቃ። ይቺ ድሮ ሮጣ መጥታ ቦርሳዬን የምትበረብር ልጅ ናት።

ቤት ስንገባም ወሬዋ ሁሉ «አባባ እንዲህ አሉ» ነው። ሴቷ ወፍ መጥታ ጎጆውን ጎተት ጎተት አድርጋ ትፈትሸዋለች፤ ካልወደደችው ወንዱ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል፤ አባባ ናቸው የነገሩኝ።

«እራትሽን ብዪ» አልኳት።

እኛ ግቢ አንድ የዘይቱን ዛፍ አለ። ወፎቹ ወደ እኔ ቢመጡ ልጄም ቤቷ ትውላለች ብዬ አሰብኩ። ከቀፊራ ገበያ ማሽላ ገዝቼ ዘይቱኑ ሥር በተንኩ። መጡ፣ በሉ፣ አፋቸውን ጠርገው ወደ ግራሩ ተመለሱ። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ጅልነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ነፋስ የጣለውን ጎጆ አጥሩ ሥር አገኘሁ። እሁድ ጠዋት ልጄ ሳትነሳ፣ በድርብ ክር ዘይቱኑ ላይ ሰፋሁት። ስንት ዓመት መርፌ የያዘ እጅ ነው፤ ስፌቱ ላይ እንከን የሚያወጣ ሰው አይገኝም።

ልጄ ተነስታ አየችው። በደስታ ስትዘል ልይ ብዬ ጠበቅኩ።

«እማዬ፣ አፉ ወደ ላይ ሆኗል እኮ። ዝናብ ይገባበታል።»

«እናዞረዋለን።»

«ቢዞርም አይሆንም። ወንዱ ራሱ ካልሠራው ሴቷ አትገባበትም።»

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለካ ለወፍም ይሠራል።

ሽማግሌው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ያዩን ነበር። አልሳቁም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አቦ፣ እጅሽስ ጎበዝ ነው» አሉኝ። «ግን ነይ እዚህ፣ ቁጭ ብለሽ እያቸው። ማታ ማታ በር ላይ ቆመሽ እኔንና ልጅቷን ነው የምታዪው። ወፎቹን አንድ ቀን አላየሻቸውም።»

አፈርኩ፤ እውነት ነበራ።

ሄድኩ። ሄጄስ ምን አደረግኩ? ልጄ ቀድማኝ እንጨቱ ላይ ከጎናቸው ተቀምጣለች፤ በሁለቱ መሀል ተቀመጥኩ። ልጄ ተነሳች፤ ዞራም ከእሳቸው ወዲያ ተቀመጠች።

«ከዚህ ጋ በደንብ ይታያል» አለች።

ቀና ብዬ አየሁ። አንዲት ግራጫ ወፍ መጣች። ቢጫው ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገፈገፈ ሥራውን አሳያት። ገባች፤ አንድ ሳር ሳብ አደረገች፤ ወጥታ ሄደች። ትንሽ ቆየና ያንን ሁሉ ቋጠሮ በዚያው አፉ አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪዋ የመለሰችብኝን ስፌት ስፈታ እኔም እንደዚሁ ነኝ። ለወፍ አዝኜ አላውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን አዘንኩ።

ተነስቼ ወደ ግቢዬ ገባሁ። ክሩን ቆርጬ ጎጆዬን አወረድኩት። ማልቀስ ቃጣኝ። የሚታጠብ ልብስ ነበረኝ፤ እሱን ሰበብ አድርጌ ልቅር ብዬም ነበር። ግን ተመለስኩ።

ስደርስ ሽማግሌው እኔ ከተነሳሁበት ቦታ ላይ የሚያማቸውን እግር ሊዘረጉ ነበር። ልጄ ዓይኗን ከዛፉ ሳትነቅል፣ በእሳቸው ጭን ላይ እጇን አሻግራ ቦታውን በመዳፏ ያዘች።

«አባባ፣ ይሄ ሰው አለው» አለቻቸው። «እማዬ ናት።»