የቀረችው ቀይ ድንጋይ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተንፍሼው አላውቅም። ሰባት ዓመት ውጬው ኖርሁ።

የጮቄን ተራራ ለሚወጡ ሰዎች መንገድ እመራ ነበር። ያን ቀን የመጡት ከደብረ ማርቆስ ስምንት መምህራን ናቸው። ገና ሳንነሳ መምህር ሙሉቀን የስም ዝርዝር አውጥቶ "አያ ደምሌ፣ እስቲ ስማችንን ይጥሩልን" አለኝ። ማንበብ አልችልም ማለት አፈርሁ። ተቀብዬ አፈጠጥሁበት።

"ኧረ ገልብጠው ይዘውታል!" አለ ሙሉቀን።

ሁሉም ሳቁ።

እኔ ሰው የምቆጥረው በድንጋይ ነው። ሲወጡ ሸንተረሩ ላይ እያንዳንዱ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ሲወርድ የራሱን ያነሳል። ድንጋይ ከቀረ ሰው ቀርቷል ማለት ነው። ሙሉቀን ቀይ ድንጋይ አስቀመጠና "ይቺ የእኔ ናት፤ እሷን እንኳ ማንበብ አያቅትዎትም" አለኝ።

ስንወጣ ፀሐይ ነበር። ጫፍ ላይ ጉም ዋጠን፣ ስንመለስ በረዶ ወረደብን። ሙሉቀን ጉልበቱን አሞት ወደ ኋላ ይል ነበር። ሸንተረሩ ላይ ሰባቱ እየተንቀጠቀጡ ድንጋያቸውን አነሱ። ቀይዋ ቀረች። አየኋት። አንስቼ ገደል ሰደድኋት። "ሙሉቀንስ?" ሲሉኝ "ቀድሞ ወርዷል" አልሁ።

በብርዱ ላሳብብ? ሰባቱን ላትርፍ ብዬ ነው ልበል? ውሸት! ያ ሳቅ ነው። ትንሽ ይንቀጥቀጥ አልሁ። ጮቄ ላይ ትንሽ የሚባል ብርድ አለ?

መንደር ስንደርስ የለም። "በጉሙ ውስጥ ሌላውን እሱ መስሎኝ ነው" አልኋቸው፤ አመኑኝ። ጉሙ መንገዱን ዘግቶ አደረ። ሲነጋ ወጣሁና ከጅባራ ተክል ሥር ተኮራምቶ አገኘሁት። በጀርባዬ አወረድሁት። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆረጡ።

ሰው ምን አለኝ? "ያዳነው ደምሌ ነው!" ጋቢ አለበሱኝ። እኔም ለበስሁ።

ሙሉቀን ደግሞ "ውለታዎን በምን ልመልስ፣ አያ?" አለና ፊደል አስቆጠረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀሩት ሦስት ጣቶቹ እጄን ይዞ እያስጻፈ። እኔ ፊደሉን አይ ነበር? የማየው የጎደለውን ነው። አንድም ቀን አፌን አልከፈትሁም።

እስከ ዛሬ የምጽፈውን የሚያርምልኝ እሱ ነው። ነገ ይህንንም ወስጄ እሰጠዋለሁ።

ሙሉቀን፣ ጣቶችህን የበላሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። ፊደል ከሳትሁ አርመው። ሥራዬን ግን አታሳንስልኝ። ጉም አልጋረደኝም። ድንጋይህን አይቻት ነበር።