ከቀኝ የበራላት ሐረግ

ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም ግራኟ ይላታል። ካርታ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የወንዝና የመንገድ መስመር ስትስል ኖራ፣ ስሟ አንድ ካርታ ላይ እንኳ ሰፍሮ አያውቅም። ኮምፒውተር መጥቶ ብዕሯን ሲያስጥላት እጇ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አልሆነለትም። የዱር አበባ መሳል ጀመረች።

አሳሳሏ ያው የካርታ ሰው ነው፤ ቅጠል ትለካለች፣ በአበባው መሐል ያሉትን ክሮች በአጉሊ መነጽር ትቆጥራለች፣ ያላየችውን አትስልም። ነጭ አበባ ያላትን ሐረግ ያገኘቻት አውቶቡስ ማደሪያው አጥር ላይ ነበር። አበባዋ ረፋድ ላይ ስለሚከደን ዘጠኝ ቀን በማለዳ በርጩማዋን ይዛ ተመላለሰች፤ ፀሐይዋን በቀኟ አድርጋ፣ የገዛ እጇ ጥላ ወረቀቱን እንዳያጨልምባት።

«እትዬ፣ ይህን አረም ነቅዬ ቤትዎ ላምጣልዎት?» አላት አንድ ሾፌር።

«አንተን ነቅለው ቢያመጡህ እስከ ምሳ ትቆያለህ?»

ዩኒቨርሲቲው የአገሩን የዱር አበቦች መጽሐፍ ሊያሳትም ነው ሲባል ሥዕሏን ይዛ ሄደች። ስሟ ታትሞ የሚወጣው ያኔ ነው።

አዘጋጁ ሥዕሉን አገላብጦ አየው። «እጅዎ ይባረክ። ግን የሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ሥዕሎች ብርሃን ከግራ ነው የሚመጣው። የእርስዎ ብቻ ከቀኝ ሆነ።»

በግራዋ በጻፈች ቁጥር ጣቷን ይመታበት የነበረው የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ማስመሪያ ትዝ አላት። ሳታስበው ግራ እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«አይጨነቁ፣ ቀላል ነው» አለና ሥዕሉን ኮምፒውተሩ ላይ እንደ መስታወት ምስል ገለበጠው። ብርሃኑ ከግራ መጣ።

ግራኟ አየችው። እጇን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች።

«ልጄ፣ ይህቺ ሐረግ የለችም።»

«እንዴት የለችም?»

«ስትጠመጠም ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ዘጠኝ ቀን አይቻታለሁ። አንተ ወደ ግራ አዞርካት። በስሜ የሌለ ተክል አይታተምም። ወይ እንዳለች አውጣት፣ ወይ ሥዕሌን መልስልኝ።»

የዕፅዋት መምህርቷ ተጠራች። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ሁለቱን አስተያየች።

«የተገለበጠውን አትመነው ቢሆን ኖሮ» አለች ለአዘጋጁ፣ «የሙያ ጓደኞቼ ዓመት ሙሉ ይስቁብኝ ነበር። እንዳለች ትውጣ።» ከዚያ ወደ ግራኟ ዞረች። «ግራኝ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ያስታውቃል» አለች ፈገግ ብላ።

መጽሐፉ ሲወጣ ከአርባው ሥዕል ከቀኝ የበራው አንዱ ብቻ ነበር። ግራኟ ገጹን ገልጣ ለእናቷ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ጣታቸውን ከሐረጉ ሥር በታተመው ስም ላይ አስኬዱት።

«በየትኛው እጅሽ ነው የሳልሽው?»

«በየትኛው ይመስልሻል እማዬ?»

«ያን አስተማሪ ያኔውኑ ነግሬው ነበር፣ ልጄን ተዋት ብዬ።»

አልነገሩትም ነበር። እንዲያውም እሳቸውም «በቀኝሽ» ሲሉ ነው ያሳደጓት። አንዲት ቅጠል ያለቦታዋ የማታሳልፈው ግራኟ ግን ይህችን ሳታርም አሳለፈቻት።