ምትኩን ይስጣችሁ

በጃንሆይ ጊዜ ሞጣ ስንኖር አንዲት የምትታለብ ላም ነበረችን። ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ጋጣ ውስጥ ሞታ አገኘናት፤ ካፍንጫዋ ጥቁር ደም ይወርዳል። በዚያ ሳምንት ለክትባት ከቢቸና መጥቶ የነበረ የከብት ሐኪም ገና ከበሩ ሆኖ «አባ ሰንጋ ነው» አለ። ሥጋዋን እንዳንነካ፣ ጠልቆ በተቆፈረ ጉድጓድ እንድንቀብራት፣ የጋጣውንም ፍግ እንድናቃጥል አዘዘን። ቀበርናት። ለማዘዝማ ማን ይቸገራል? በዚያ ዝናብ እርጥብ ፍግ ማን ያቃጥላል? ባሌ ሁለት ቀን ሞከረ፤ ጭሱ ብቻ ቤቱን ሞላውና ተወው።

ጎረቤታችን የነበሩ ባልቴት እንደ ለቅሶ ደራሽ መጥተው «ምትኩን ይስጣችሁ» ብለውን ሄዱ። እኔም ፍጉ ተቆልሎ ከሚቀር ብዬ ከጓሮ ጎመኔ ሥር ጨመርሁት። ስጨምረው ምንም አልተሰማኝም።

መስከረም ላይ ጎመኑ ወገቤ ደረሰ። ባልቴቷ አይተው «ይኸው፣ ምትኩን ሰጣችሁ!» አሉ። አንድ እቅፍ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ሐኪሙ ያዘዘንን ግን አልነገርኋቸውም። ለጋውን ቀቅለው በሉ፤ ግንዱንና የጠወለገውን ቅጠል ለላማቸው ጣሉላት።

በሳምንቱ ላማቸው ሞተች። ካፍንጫዋ ያው ጥቁር ደም ይወርዳል። ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። እንባዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«ምትኩን ይስጥዎት» አልኋቸው።

«አሜን፣ ልጄ» አሉ እጄን ይዘው። «ይህን ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል።»