ሰርቨሩም ፈቃድ ይፈልጋል

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ነው፤ ማዕረጌ «የአይሲቲ ባለሙያ»። ወንበር እንኳ ሳይሰጠኝ አለቃዬ አቶ አስማረ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ይዘውኝ ሄዱ። እሳቸው ወደ አይሲቲ ኃላፊነት ያደጉት ከንብረት ክፍል ነው፤ የቁልፍ ዘለላቸውንም አልተውትም።

«ይኸው ታሟል» አሉኝ። «ስንት ጊዜ አጥፍተን አበራነው። አቧራውንም ጠርገንለታል።»

በሩ ላይ ትርንጎ የምትባል ልጅ ቆማለች። ከጉንደ ወይን የመጣችው ለመመዝገብ ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ የሚዘጋውም በዚያው ዕለት። ካመለጣት እስከ ከርሞ ቤቷ ልትቀመጥ ነው።

የኮሌጁን ድረ ገጽ ከፈትኩ። የዲኑ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ እሱን የፈለገ ግን አልነበረም። ስህተት የሚመጣው «ተመዝገብ» የሚለውን ስጫን ነው። ሰርቨሩ ደህና ነው፤ እምቢ ያለው ምዝገባውን የሚሠራውን ፕሮግራም፣ ስክሪፕቱን፣ ማስኬድ ነው። ሰርቨሩ የሚያደርገውን የሚመዘግብበትን ሎግ ባይ «ፈቃድ የለም» ይላል።

«አቶ አስማረ፣ ፋይሎቹን የነካ ሰው አለ?»

«ማን አባቱ ይነካል! ቫይረስ ገባ ሲሉ ሰምቼ፣ ካንተ በፊት የነበረውን ባለሙያ ትናንት ሥራ ከመልቀቁ በፊት ‹ማንም እንዳያስኬደው አድርገህ ቆልፍ› አልኩት።»

ሰውዬው ትእዛዙን ሳያጓድል ፈጽሟል። ሰርቨሩንም ጨምሮ ከልክሎታል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ሰርቨሩም ፈቃድ ይፈልጋል እንዴ?»

«አዎ ጌታዬ። እንደ አንድ ተጠቃሚ ነው የሚቆጠረው።»

«እንዲያ ከሆነ በኮሚቴ ይታያል። ሰኞ እንሰበሰባለን።»

አንዲት መስመር ትእዛዝ ጽፌ መክፈት እችል ነበር። ግን ገና በመጀመሪያ ቀኔ አለቃዬ ያስቆለፉትን መክፈት ፈራሁ።

ትርንጎ ከበሩ ሳትነቃነቅ ተናገረች። «አባቴ፣ እርስዎ ያስቆለፉት ሌባ እንዳይገባ ነው። እኔ የመጣሁት ልማር ነው። ሰኞ ቢከፍቱት ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

አቶ አስማረ ቁልፋቸውን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔንማ አንጀቴን በላችው።

«ለሰርቨሩ ክፈትለት» አሉኝ በመጨረሻ። «የምዝገባውን ብቻ!»

ለዚያ ፋይል የማስኬድ ፈቃዱን መለስኩ። ገጹ ተከፈተ፤ ትርንጎ ቅጹን ሞላች። «ተመዝግበዋል» የሚለው ከስሟ ጋር ሲመጣ አቶ አስማረ ራሳቸው እንደ መዘገቧት ሁሉ ጮክ ብለው አነበቡት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰርቨር ጠግኛለሁ። ስክሪፕት አልሄድ ሲል መጀመሪያ የፋይሉን ፈቃድ አያለሁ፤ ቀጥዬ ፈቃዱን የነሳውን ሰው አነጋግራለሁ። ጊዜ የሚወስደው ሁለተኛው ነው።