ሳይመለስ የቀረው ፈቃድ

የያዙኝ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቢሮዬ ውስጥ ነው። ምግብ ቤት ያላት አንዲት ደንበኛዬ የዓመቱን ደረሰኝ በማዳበሪያ ከረጢት አምጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈን እየለየን ነበር። «የዘይቱን ለብቻ፣ የኪራዩን ለብቻ አድርጊው» እያልኳት ሳለ ሦስት ፖሊሶች ገቡ። አንዱ ክንዴን ያዘኝ። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ ደረሰኞቿን በሁለት እጇ ሸፈነቻቸው።

ሥራዬ ለትናንሽ ነጋዴዎች የሂሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ሰኔ ለሌላው የዝናብ ወር ሲሆን ለእኔ የመከር ወር ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ከዚያ በፊት የሱቅ ዕቃ ይቆጠራል፣ የጠፋ ደረሰኝ ይፈለጋል፣ መቀጠል የማይፈልግ ነጋዴም የንግድ ፈቃዱን ይመልሳል። ይህን በጊዜው ያደረገ ሰው ሐምሌን እፎይ ብሎ ይከርማል።

ጥፋቴ ደብዳቤ መጻፌ ነበር። በዚያ ዓመት ገማቾች በየሱቁ ዞረው የቀን ገቢ ሲገምቱ፣ በሳምንት አንድ ጋቢ የሚሸጥ ሸማኔ ላይ የሆቴል ያህል ጻፉበት። ቅሬታ ማቅረብን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ጻፍኩ። ደብዳቤዎቹ ሲሰበሰቡ ሁሉም በአንድ ሰው አነጋገር የተጻፉ መሆናቸው ታየ። «ነጋዴውን አደራጅተህ ግብር እንዳይከፍል አሳድመሃል» አሉኝ።

ፖሊስ ጣቢያ የገባሁባት ክፍል ርዝመቷ አምስት እርምጃ፣ ስፋቷ አራት ነበር። ከእኔ ጋር አሥራ ስድስት ሰው ሆንን። መስኮት የላትም፤ በሩ አናት ላይ የጣት ውፍረት ባለው ብረት የታጠረ ቀዳዳ አለ። የአርባ ምንጭ ሙቀት ግድግዳውን ሳይቀር ያልበዋል፤ ጀርባችንን ስናስደግፍ ሸሚዛችን ኖራውን ይዞ ይመጣል። የሽንት ባልዲው ጥግ ላይ ነው። አዲስ ገቢ ባልዲው አጠገብ ይቀመጣል፤ ደንቡ ይህ ነው። እዚያ ስደርስ ግን ቦታው ተይዟል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ተቀምጠውበታል።

ከደብዳቤዎቹ መካከል የእሳቸውን አስታወስኩ። የዶርዜ ሸማኔ ናቸው። ለብዙ ሸማኔዎች በጋራ በጻፍኩት ቅሬታ ላይ የመጀመሪያው አሻራ የእሳቸው ነበር። መጀመሪያ በመሆኑ ብቻ ከሁሉም ለይተው አምጥተዋቸዋል።

«አንተንም አመጡህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ። እዚህ ለምን ተቀመጡ? እኔ ነኝ አዲሱ።»

«አፍንጫዬ አርጅቷል። ተወው።»

ሥራዬን ሲያውቁ እስረኞቹ ያማክሩኝ ጀመር። በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚነግደው ሰው የገበሬ ግዢ ያለ ደረሰኝ እንዴት እንደሚያዝ ጠየቀኝ። ባጃጅ የሚነዳው ለፍላፊ ጎልማሳ ዘይትና ጎማውን መመዝገብ እንዳለበት ከእኔ ሰማ። «ታስሬ ተማርኩ በሉኛ!» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክሩን መለየት አቅቷቸው ከፋሲካ ወዲህ ጥበብ አልሠሩም። ፈቃዱን ሊመልሱ አስበው ነበር።

«እስከ መቼ ነው?» አሉ።

«እስከ ሰኔ ሠላሳ። ካልተመለሰ ለሚቀጥለው ዓመትም እንደሚሠሩ ተቆጥሮ ግብር ይጻፍብዎታል።»

«ሳልሠራ?»

«ሳይሠሩ።»

«ልጄ በየቀኑ በር ላይ ይቆማል» አሉኝ። ሴት ልጃቸውን ነው፤ አማርኛን በገበያ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ወንድና ሴት አንዳንዴ ይምታታባቸዋል። ልጅቷ ፈቃዱን ይዛ ገቢዎች ቢሮ ሄዳ ነበር። «አባትሽ መታሰሩን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከጣቢያው አምጪ፣ እንቀበልሻለን» ብለዋታል። ጣቢያው ደግሞ ደብዳቤ የለም አላት። የምታመጣውን ምግብ በር ላይ በዱላ ያማስሉታል። ቆጮው ፍርፋሪ ሆኖ፣ የሚጠቀስበት የቃሪያ ዳጣ አፈር ተቀላቅሎበት ይደርሰናል።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ወፍራም አልነበረም፣ ጩኸትም አያውቅም። ወንበር ሰጠኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል አወጣና ፊቴ ዘረገፈው፤ ደረሰኝ ነበር።

«የባለቤቴ ሱቅ ነው። የግንባታ ዕቃ ትሸጣለች። በኪሳራ ዝጋልኝ።»

አገላብጬ አየሁት። የሽያጭ ደረሰኝ ጥቂት ነበር። ወጪ ተብሎ የተቀመጠው የቤታቸው ፍሪጅ፣ የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአንድ ሰርግ ድንኳን ኪራይ ነበር።

«ይሄ የቤት ወጪ ነው፤ የሱቁ አይደለም» አልኩ። «ግን በትክክለኛው መንገድ የሚቀንስ አለ። የሱቁ ኪራይ ውል፣ የመደርደሪያው እርጅና፣ የተበላሸ ሲሚንቶ...»

«የጠየቅኩህ ምክር አይደለም።»

የሻይ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ያ ሽማግሌ ማኅተም ይፈልጋል አሉኝ። ይሄን ከጨረስክልኝ አትምለታለሁ። ካልፈለግክ ደግሞ ወደ ክፍልህ ተመለስ።»

ሦስት ቀን፣ በመተላለፊያው ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሠራሁት። በሙያዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እያወቅኩ የውሸት ሂሳብ ሠራሁ። ፍሪጁን የሱቅ ዕቃ አደረግኩት። የድንኳኑን ኪራይ የማስታወቂያ ወጪ አልኩት። ከታች፣ አዘጋጁ በሚፈርምበት መስመር ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ለሽማግሌው ምን ሠርቼ እንደተስማማሁ አልነገርኳቸውም። «ማኅተሙ ይመጣል፣ አባባ» ብቻ አልኳቸው።

«እንዴት ብለህ?»

«ለመንኳቸው።»

በጋሞኛ መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ሃያ ስምንት አለፈ። ሃያ ዘጠኝ አለፈ። በጠየቅኩ ቁጥር መርማሪው «ታትሟል፣ ይደርሳታል» ይለኛል። ሰኔ ሠላሳ ቀን ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆማ ዋለች። በቀዳዳው በኩል ድምጿን እንሰማለን፤ ዘበኛውን ትለምናለች፣ ትቆያለች፣ እንደገና ትለምናለች። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ድምጿ አልተቋረጠም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ መሥሪያ ቤት በሚዘጋበት ደቂቃ፣ መርማሪው ራሱ በሩን አስከፍቶ ገባ። ወረቀቱን ይዞታል። ማኅተሙ ክብና ሰማያዊ ሆኖ በደንብ ይታያል። ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል፤ ቀኑም ሰኔ ሃያ ሰባት ይላል። ለሦስት ቀን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል።

«ቃሌን አላጠፍኩም» አለና ወረቀቱን ሽማግሌው ጉልበት ላይ አስቀመጠላቸው። «ይኸው ታተመ።»

ሰዓቱን አየ፤ እኛም እንድናየው ቆየት ብሎ ወጣ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። «ጥሩ ነው?» አሉኝ።

«ቀኑ አልፏል፣ አባባ።»

«ነገ ብትወስደውስ?»

«ነገ ሐምሌ ነው።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ሐምሌ ሁለት ቀን ጠዋት ሁለታችንንም ጠሩን። ከመርማሪው ፊት ሌላ ወረቀት ነበር። ለሽማግሌው ቀስ ብሎ አነበበላቸው። «በሂሳብ ሠራተኛው ተታልዬ፣ ምን እንደተጻፈ ሳላውቅ ነው አሻራዬን ያተምኩት፣ እሱ ነው ሕዝቡን የቀሰቀሰው» ይላል። «አሻራ ያድርጉና ዛሬ ዶርዜ ይገባሉ» አላቸው።

«ይሄ ሰውዬ አላታለለኝም» አሉ። «እኔ ያልኩትን ጻፈ። አንብቦልኛል፣ በጋሞኛም አስነግሮልኛል።»

«አባባ፣ ያድርጉላቸው» አልኩ። «እኔ ላይ ምንም አይጨምርም። ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ይዤ ልግባ?»

አንድ ፖሊስ ቀኝ እጃቸውን ይዞ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጫነው። ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፈው ሽማግሌው ጣታቸውን ጠመዘዙት። አሻራው ጥቁር ጭረት ሆነ። ሌላ ወረቀት መጣ፤ አሁንም ጠመዘዙት። መርማሪው አልተቆጣም። ሦስተኛ ቅጂ እስኪታተም ጸሐፊዋን ጠበቀ። ሦስተኛውም ጭረት ሆነ። ያኔ ለፖሊሱ በአገጩ ምልክት ሰጠው። እጃቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጎ በዱላ መታቸው። ሁለቴ። ድምፁ ደረቅ እንጨት እንደ መስበር ነበር። ሽማግሌው የጮኹት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቋንቋቸው።

እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። አልተነሳሁም።

በምሳ ሰዓት የልጅቷ ቆጮ መጣ። ሳህኑን መሐል አድርገን ከበብነው። ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን አነሱ፤ ጣቶቹ አብጠው ተጣብቀዋል፤ አይታጠፉም። ግራቸውን አልዘረጉም። በልጅነታቸው ያልተፈቀደላቸውን በሽምግልና አያደርጉትም። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መልሰው «እናንተ ብሉ፣ አልራበኝም» አሉ።

ማንም አልነካም። ከዚያ ባለ ባጃጁ ቆጮውን በዳጣ ጠቀለለና ተነስቶ ፊታቸው ተንበረከከ።

«አባባ፣ ዛሬ ልጄን እየዳርኩ ነው። ያለ እርስዎ ጉርሻ ሰርጉ አያምርም።»

ልጅ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱና መረቁት። ቀጥሎ ባለ ሙዙ ተነሳ፤ እሱም ተንበርክኮ አጎረሰ፣ ተመረቀ። አንድ በአንድ ሁሉም ደረሰው። ተራው እኔ ጋር ሲመጣ ጉርሻው እጄ ላይ ከበደኝ። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብለው ተቀበሉኝ። እኛ የበላነው የቀረውን ፍርፋሪ ነው።

እሳቸውን ከአሥር ቀን በኋላ ለቀቋቸው። እኔን ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ክስ ሳይኖር። የፈራነው ግብር ተጻፈባቸው። ቅሬታ ጻፍኩ፤ «ፈቃዱን በወቅቱ መመለስ ነበረባቸው» የሚል መልስ መጣ። መታሰራቸውን የሚገልጸውን ማኅተም ያለበት ወረቀት አያይዤ ነበር። ልጅቷ ላሟን ሸጣ ከፈለች። በተከታዩ ሰኔ ፈቃዱን እኔው ራሴ ይዤ ሄጄ መለስኩ። እጃቸው ግን ቀና ሳይል በሁለተኛው ዓመት አረፉ።

ለልቅሶ ዶርዜ ወጣሁ። ጉም ቤቶቹን ሸፍኗቸው ነበር። ልጅቷ እጄን ይዛ ወደ ሽማግሌዎቹ ወሰደችኝና «አባቴ አልመሰክርበትም ያለው እውነተኛ ሰው ይሄ ነው» አለቻቸው። ተነስተው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።

አሁንም ያው ቢሮ አለኝ። ደንበኞቼ አምነውኝ ደረሰኛቸውን ቆጥረው ሳይሆን ዘርግፈው ጥለውልኝ ይሄዳሉ። የፈረምኩበት የኪሳራ መዝገብ ገቢዎች ውስጥ አንድ ፋይል ላይ አለ፤ ማንም አልጠየቀበትም። ልጅቷ ዓመት ባለቀ ቁጥር ከዶርዜ ማር ይዛልኝ ትመጣለች። በዚህኛው ዓመት ስለ ፊርማዬ እነግራታለሁ እላለሁ። ማሩን እቀበላለሁ፣ ቤተሰቧን እጠይቃለሁ፣ እስከ መናኸሪያ እሸኛታለሁ። መኪናው ሲነሳ እጇን ታወዛውዝልኛለች።