ለእናቴ ያልተረጎምኩት ውጤት

ይህን ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው መስደቤን ስናዘዝ ኖሬ፣ ይቺን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ዛሬ የምናገረውም እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማዘን ካማራችሁ ለእናቴ እዘኑ።

እናቴ ሽሮ ሜዳ ጥጥ እየፈተለች ያሳደገችኝ የጋሞ ሴት ነበረች። አማርኛዋ ለገበያ ይበቃል፣ ለሐኪም አይበቃም። ስለዚህ ሆስፒታል ስትሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የማህፀኗ በር ላይ መጥፎ ሴል ተገኝቶ ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጣ። እኛም በሽታው አብሮ የወጣ መስሎን ተገላገልን አልን። ዶክተሯ ግን ክትትሉ ይቀጥላል ብላ ከብልቷ ውስጥ፣ ከተሰፋው ጫፍ ላይ፣ ናሙና ወሰደች።

ውጤቱ የመጣ ቀን አባቴ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር። ዶክተሯ ረጋ ብላ ነገረችኝ። ሴሎቹ ተለውጠዋል፤ ካንሰር አይደለም፣ ዝም ከተባለ ግን ሊሆን ይችላል። በማጉያ መሣሪያ ታይቶ፣ ትንሽ ተቆንጥሮ ተመርምሮ፣ በጊዜ ይታከማል። መንስኤው በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑን፣ ሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመት ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል፣ በዚህ ማንም ማንንም መጠርጠር እንደሌለበትም አስረዳችኝ። "ሁሉንም ንገሪያት" አለችኝ።

አልሰማሁም እንዳልል በደንብ ሰምቻለሁ። እኔ ያሰብኩት ግን አባቴን ነበር። ይህን በጋሞኛ ለእናቴ ብነግራት፣ እሷ ለእህቶቿ ብትነግር፣ የአባቴ ስም በሸማኔው ሰፈር ምን ሊሆን ነው? ደግሞስ ያንን የሰውነት ክፍል በእናቴ ፊት በምን አፌ እጠራዋለሁ? ዞር አልኩና በጋሞኛ "ንጹሕ ነው፣ ድነሻል ብላለች" አልኳት።

እናቴ ተነስታ የዶክተሯን እጅ ሳመች። ዶክተሯ ክፉ ወሬ የተነገራት ሴት እንዲህ ስትሆን አይታ ገረማት። "እንዴት ያለች ጠንካራ እናት አለችሽ" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ።

ቀጠሮው አለፈ። ከሆስፒታሉ ተደወለ፣ አላነሳሁም። ደጋግመው ሲደውሉ ቁጥሩን ብሎክ አደረግኩት። እናቴ መድማት እስክትጀምር ድረስ ውሸቴን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ሆስፒታል ስንመለስ ያ በቀላሉ ይታከም የነበረ ነገር ካንሰር ሆኖ ጠበቀን። ጨረር ተሰጣት፤ አላዳናትም።

ለቅሶ ላይ ሴቶቹ "እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጠን፣ እንዴት አድርገሽ አስታመምሻት" ይሉኝ ነበር። ምስጋናውን ተቀበልኩ። እናንተ ደግሞ ይህን ስታነቡ ባህላችን ነው፣ ይሉኝታ ነው፣ ልጅ ነበርሽ ልትሉኝ ነው። እባካችሁ ተዉኝ። ልጅ አልነበርኩም፤ እኔ ራሴ ወልጄ ነበር። ዶክተሯ ፊት የተቀመጠው ባህል አይደለም፣ እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አባቴም ቢሰማ ይስማ። ስሙን በእናቴ ዕድሜ ገዛሁለት፤ እሱ ግዢልኝ አላለኝም።

አሁን ያኔ በእናቴ ፊት ያፈርኩበትን የሰውነት ክፍል ስም ሽሮ ሜዳ መሃል ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ማህፀኗ የወጣላትን ሴት ሁሉ ምርመራሽን አታቋርጪ፣ ውጤትሽን ራስሽ ጠይቂ እያልኩ እጨቀጭቃለሁ። ነውረኛ ይሉኛል። ይበሉኝ። ይህም ካሳ እንዳይመስላችሁ፤ ለእሷ የሚሆን ካሳ የለኝም።

ይቅርታም አልጠይቅም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሳታውቅ ሄደች። ሊያልቅላት ሲል እጇን ራሴ ላይ ጭና "እግዜር አንደበትሽን ይባርክ፣ ሐኪም ፊት አፍ የሆንሽኝ አንቺ ነሽ" ብላ መረቀችኝ። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ አላልኩም።